«ይደገም» የሚል ሰው ይኑረን፦ ለአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት አባላትና ለነዋሪው ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራንና ክቡራት የምክር ቤት አባላት፣ የተከበራችሁ የከተማችን ነዋሪዎች፣

ጤና ይስጥልኝ።

የምኖረው አራት ኪሎ ነው። 21 ዓመት የመንጃ ፈቃድ ፈታኝ ሆኜ ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ሥራዬ ከተፈታኝ ጎን መቀመጥ ነበር። «ወደ ቀኝ ታጠፍ፣ እዚያ ጋ አቁም፣ ዳገቱ ላይ አስነሳ» እላለሁ። ከዚያ ወረቀቱ ላይ ከሁለት ቃል አንዱን እጽፋለሁ፦ «አልፏል» ወይም «ይደገም»። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለ ሁለተኛው ቃል ነው።

ፒያሳ ከጓደኞቼ ጋር ቡና በምጠጣበት ቤት አንድ ሐሳብ ደጋግሞ ይነሳል። «የመንጃ ፈቃዱን ነገር ጠቅልሎ ለግል ድርጅት መስጠት ነው የሚሻለው» ይባላል። ውሳኔ ተወሰነ አላልኩም። ግን እንዲህ ያለ ሐሳብ መጀመሪያ ቡና ላይ ይወራል፣ ቀጥሎ ስብሰባ ላይ ይነሳል፣ ከዚያ አንድ ቀን ደንብ ሆኖ ይመጣል። ገና ወሬ እያለ ልናገር ብዬ ነው።

ይህን የሚሉ ሰዎች ክፉ አይደሉም። መሯቸው ነው። እኔም ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የራሴን መንጃ ፈቃድ ላሳድስ ሄጄ አራት ቀን ተመላልሻለሁ። መጀመሪያ ቀን «ሲስተም የለም» ተባልኩ። በማግስቱ ፈራሚው ስብሰባ ገብቷል። በሦስተኛው ቀን ፋይሌ ጠፋ። በአራተኛው ቀን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ከሌላ ሰው ፋይል ሥር ተገኘ። ዕድሜዬን በሙያው የጨረስኩት እኔ እንዲህ ከሆንኩ፣ ከሥራው አስፈቅዶ የመጣ ወጣት ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ። ሰልፉ ያስመርራል። ደጃፍ ላይ ቆሞ «ቶሎ ላስጨርስልህ» የሚለው ደላላ ያስመርራል። ይህን ክጄ አልከራከርም።

ግን ሰልፍ ሌላ፣ ፈተና ሌላ ነው። ሰልፉን ለማሳጠር ብለን ፈተናውን አብረን እንዳንሰጥ ነው ፍርሃቴ።

አንድ ቀን ላስታውሳችሁ። ተፈታኙ ሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ያለ ልጅ ነበር። ጎበዝ ነው። መሪ አያያዙ የሚያምር፣ ማርሹን ሲቀይር መኪናዋ ንቅንቅ የማትል። ፓርኪንጉን አንድ ጊዜ አይቶ አስገባት። በልቤ «ይሄስ ጨርሷል» ብዬ ነበር። ስንመለስ አንዲት እናት በፌስታል ሽንኩርት ይዘው ዜብራው ላይ እግራቸውን አሳረፉ። ልጁ ፍሬን አልያዘም። ጥሩንባ ነፋ። እናትየው ደንግጠው ወደ ኋላ ሲሉ ፌስታሉ ከእጃቸው ወደቀ። መኪናዋን ያቆምኳት እኔ ነኝ፣ በእኔ በኩል ባለው ፍሬን።

ወረቀቱ ላይ «ይደገም» ብዬ ጻፍኩ።

ልጁ ተናደደ። «አልነካኋቸውም እኮ!» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አልነካቸውም። ትንሽ ቆይቶ የማሠልጠኛው ባለቤት መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ በትሕትና ነው ያናገረኝ። «ጋሼ፣ ልጁ ሥራ አግኝቶ ፈቃዱን ነው የሚጠብቀው። ደንበኛችንም ነው። ስለ አንድ ጥሩንባ ባይንገላታ?» አለኝ።

ደንበኛ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ለማሠልጠኛው ልጁ በእርግጥ ደንበኛ ነው። ከፍሎ ተምሯል፣ መገልገል አለበት። እኔ ግን የተቀመጥኩት ለልጁ ብዬ አልነበረም። እኔ የቆምኩት ለእናትየው ነው። እሳቸው ለፈተናው ምንም አልከፈሉም። ፈተና እንዳለም አያውቁም። ሽንኩርታቸውን ለቅመው ሄዱ። መንግሥት ደመወዝ ከፍሎ ከዚያ ልጅ ጎን ያስቀመጠኝ ለእሳቸው ሲል ነው።

ልጁ ቢያልፍ ደመወዜ አይጨምርም። ቢወድቅም አይቀንስም። ደመወዙ ትንሽ ነበር፣ በጣም ትንሽ። ግን እጄን አላሰረውም። አንድ ድርጅት ፈተናውን ተረክቦ ቢሠራ፣ ያ ድርጅት ገቢው ከሚፈትነው ሰው ኪስ ነው። ተፈታኙ «እዚያኛው ጋ ቶሎ ያሳልፋሉ» የሚባልበትን ይመርጣል። አጥብቆ የሚፈትነው ድርጅት ባዶ ይቀራል፣ የሚያላላው ይሞላል። ማንም ክፉ ሰው ሳይኖርበት፣ ማንም ጉቦ ሳይቀበል፣ እንዲሁ በገበያው ብቻ ፈተናው እየላላ ይሄዳል።

«የለም፣ የግል ድርጅት እንዲያውም ደጋግሞ ይጥላል፣ የድጋሚ ፈተና ክፍያ ስለሚያገኝ» የሚል ወዳጅ አለኝ። ሊሆን ይችላል። ግን ያም ቢሆን የሚወስነው ገንዘቡ ነው፣ አነዳዱ አይደለም። ያኔ ደግሞ የሚጎዳው ረዳት ሆኖ ሳንቲም በሳንቲም አጠራቅሞ ለመንጃ ፈቃድ የመጣው ልጅ ነው። ሁለቱም አያስፈልገንም።

ስለ ሌብነቱም ልናገር፣ ዝም ብዬ ባልፍ አታምኑኝም። በእኛ መካከል እጁ ያልጠራ ፈታኝ ነበር። አውቃለሁ። መሪ በቅጡ ሳይዙ ፈቃድ ይዘው የወጡ ሰዎች አሉ። ፎርጅድ መንጃ ፈቃድ ይዘው የሚነዱም አሉ። ይህ የሙያችን ቁስል ነው። ግን መድኃኒቱ ምንድን ነው? ዛሬ ጉቦ የሚቀበል ፈታኝ ወንጀለኛ ነው። ተደብቆ ነው የሚሠራው፣ ከተያዘ ይታሰራል። ነገ «ደንበኛን ማስደሰት» የድርጅቱ ዕቅድ ሲሆን ማን ይጠየቃል?

በሕንድ ዴልሂ የተሠራ አንድ ጥናት አለ፣ በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ። ተመራማሪዎቹ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የሚሄዱ 822 ሰዎችን ተከታተሉ። በኋላ ፈቃድ ያገኙትን ለብቻቸው በገለልተኛ ፈታኝ አስፈተኗቸው። ፈቃድ ካገኙት ውስጥ ወደ 71 በመቶ የሚሆኑት የመንግሥቱን ፈተና ጭራሽ አልወሰዱም ነበር። 62 በመቶው ደግሞ መንዳት አይችሉም ነበር። ቢሮው የመንግሥት ነው፣ ይህን አልሸፍንም። ግን ሳይፈተን ያለፈው ሰው አብዛኛው በደላላ በኩል ነው የሄደው። ደላላው የሚከፈለው ሰውዬው መንዳት ስለቻለ ሳይሆን ካርዱ እጁ ስለገባ ነው። እኔ የምፈራው ይህችን ነገር ነው፦ በካርድ ቁጥር የሚከፈለው ሰው በፈታኝነት ወንበር ላይ እንዲቀመጥ። ደላላውን ከደጃፍ አንስተን ውስጥ ማስገባት ይሆንብናል።

አሁን ደግሞ ያለንበትን እንይ። መንጃ ፈቃድን የሚመለከተው አዋጅ 1074/2010 ነው። ሥልጠናው ከድሮም በግል ማሠልጠኛዎች እጅ ነው። ዓመታዊው የመኪና ምርመራም፣ ቦሎ የምንለጥፍበት ማለቴ ነው፣ በግል የምርመራ ማዕከላት ነው የሚሠራው። ከነሱ ውስጥ ሥራውን በእውነት የሚሠራ ብዙ አለ። ግን የጎረቤቴን መኪና አውቃታለሁ። የእጅ ፍሬኗ አይዝም። ዳገት ላይ ሲያቆማት ከጎማዋ ሥር ድንጋይ ያደርጋል። ልጆቹ ድንጋይ አቀባይ ናቸው። ያቺ መኪና በዓመቱ «ብቁ ናት» ተብላ ቦሎዋን ለጥፋ መጣች። የት እንደተመረመረች አልናገርም፣ ደግሞም የአንድ ቦታ ችግር ብቻ አይመስለኝም። ብቻ አስቡት። አሽከርካሪውን ያስተማረው ገንዘብ ተከፍሎት ነው። መኪናዋን ያየው ገንዘብ ተከፍሎት ነው። ከተፈታኙ ኪስ ምንም ሳይከፈለው «አይሆንም» ማለት የሚችል አንድ ሰው ይቀራል፣ እሱም ፈታኙ ነው። እሱንም እንስጠው?

የወንድሜ ልጅ ካናዳ፣ አልበርታ ውስጥ ከባድ የጭነት መኪና ይነዳል። እዚያ በዚህ ሥራ የሚኖር አበሻ ብዙ ነው። ስለዚህ ነገር በስልክ ስናወራ «ጋሼ፣ እዚህ ይህን ነገር ሞክረውታል እኮ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤያለሁ።

አልበርታ በ1993 እ.ኤ.አ. የመንጃ ፈቃድ ፈታኞችን ወደ ግል አዛወረች። ፈታኞቹ ከመንግሥት ሠራተኝነት ወጥተው ከተፈታኝ በሚሰበስቡት ክፍያ የሚኖሩ ሆኑ። ዓመታት አለፉ። ሰዉ ስለ ዋጋው መለያየትና ስለ ፈተናው ጥራት ያማርር ነበር። መጋቢት 28 ቀን 2010 በእኛ አቆጣጠር፣ በጎረቤቷ ግዛት በሳስካቸዋን፣ አንድ የጭነት መኪና የቁም ምልክት ጥሶ የወጣቶች የሆኪ ቡድን ከጫነ አውቶቡስ ጋር ተጋጨ። 16 ሰው ሞተ። ሾፌሩ ለሥራው አዲስ ነበር፣ ሥልጠናውም የሁለት ሳምንት ነበር። ያ አደጋ የደረሰው ፈታኙ የግል ስለነበረ ነው አልልም፣ እንዲህ ብሎ መናገር ለሟቾቹም ነውር ነው። ግን አገሩ ሁሉ «ለእነዚህ ሰዎች ፈቃድ የሚሰጠው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ጀመረ። በዚያው በ2018 እ.ኤ.አ. የአልበርታ መንግሥት ፈታኞቹን እንደሚመልስ አስታወቀ። ከመጋቢት 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፈታኞች እንደገና የመንግሥት ሠራተኞች ሆኑ።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም፣ ሙሉውን መናገር አለብኝ። ወረፋው በዛ። ሌላ ፓርቲ ሥልጣን ያዘ። በ2021 እ.ኤ.አ. የቤት መኪናና የሞተር ሳይክል ፈተና ተመልሶ ለግል ተሰጠ። የከባድ መኪና ፈተና ግን በመንግሥት ፈታኝ እጅ ቀረ። የግል ገበያን ያን ያህል የሚወድ መንግሥት እንኳ ከባዱን መኪና ሲያገኝ እጁን ሰበሰበ። እኔ ይህን ትልቅ ምስክርነት አድርጌ ነው የማየው።

ሌላዋ ግዛት ኦንታሪዮ ናት። በ2003 እ.ኤ.አ. የፈተና ጣቢያዎቹን ሰርኮ ለሚባል የእንግሊዝ ኩባንያ በ114 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ለ10 ዓመት አስረከበች። በ2009 እ.ኤ.አ. የጣቢያዎቹ ሠራተኞች ከኩባንያው ጋር ባለመስማማት ሥራ አቆሙ። ከሦስት ወር በላይ ፈተና የለም። ፈቃዱን ለሥራ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ወደ ግል ሲዞር ሰልፍ ይቀራል የሚለው ሁልጊዜ እንደማይሠራ ከዚህ ይታያል።

ከሁሉ በላይ ግን ያስደነገጠኝ የኦንታሪዮ ዋና ኦዲተር በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሪፖርት ነው። በዚያ ግዛት አንዳንድ የጭነት ድርጅቶች የራሳቸውን ሾፌር ራሳቸው እንዲፈትኑ ይፈቀድላቸዋል። በድርጅቱ ከተፈተነው ውስጥ 95 በመቶው ያልፋል። በፈተና ጣቢያ ከተፈተነው የሚያልፈው 69 በመቶ ነው። ከ106ቱ ራሳቸውን ፈታኝ ድርጅቶች ሩቡ፣ በራሳቸው ጥፋት በሚደርስ አደጋ ከሁሉም የጭነት ድርጅቶች እጅግ ከከፉት 1 በመቶ ውስጥ የተመደቡ ነበሩ። ይህን ሳነብ ያ የማሠልጠኛ ባለቤት ትዝ አለኝ። ሾፌሩን የሚፈልገው ሰው ሾፌሩን ሲፈትን እንዲህ ይሆናል። ካናዳ ሕግ የሚከበርበት፣ ኦዲተር የሚፈራበት አገር ናት። እዚያ እንዲህ ከሆነ እኛ ዘንድ ምን ሊሆን እንደሚችል ለእናንተ ልተወው።

የእኛ መንገድ ደግሞ ለስህተት የሚመች አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በኢትዮጵያ ከ100,000 ሰው 26.7ቱ በዓመት በመኪና አደጋ እንደሚሞቱ ገምቷል። በአዲስ አበባ አብዛኛው ሟች እግረኛ ነው። ሾፌር አይደለም፣ ተሳፋሪ አይደለም፣ መንገድ የሚሻገር ሰው ነው። ከሜክሲኮ ወደ ለገሃር፣ ከስታዲየም ወደ መስቀል አደባባይ በእግሩ የሚሄድ ሰው። ጥቁር አንበሳ ድንገተኛ ክፍል ደጃፍ ላይ አንድ ከሰዓት ቁጭ ያለ ሰው ቁጥር አያስፈልገውም።

ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ያለው መንገድ በኮሪደር ልማቱ ሰፍቶ፣ አምሮ፣ የእግረኛና የብስክሌት መሄጃ ኖሮት ሳየው ደስ ይለኛል። በየማታው ነው የምራመድበት። ግን አስፋልቱ ሲለሰልስ ፍጥነት ይጨምራል። ድሮ ጉድጓዱ ራሱ ፍሬን ያስይዝ ነበር። አሁን የሚይዘው የሾፌሩ ጭንቅላት ብቻ ነው። መንገዱን ስናሻሽል ፈተናውንም አብረን ማጥበቅ ሲገባን፣ እንዴት ለማላላት እናስባለን?

አሁን ወደ ራሳችን ወደ ሠራተኞቹ ልምጣ። ይህን ደብዳቤ ጡረተኛ የጻፈው ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? በሥራ ላይ ያለ ፈታኝ መጻፍ አይችልም። የሚጽፍለትም ማኅበር የለውም። በካናዳ እንዲህ ያለ ነገር ሲታሰብ የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበር ተነስቶ ይናገራል፣ ጥናት ያወጣል፣ አባላቱን ይዞ ይሰለፋል። መንግሥት ይስማው አይስማው ሌላ ጉዳይ ነው፣ ቢያንስ ድምፁ ይሰማል። እዚህ ግን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጁ፣ 1156/2011፣ እኛን የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኞችን አይመለከትም። የፋብሪካ ሠራተኛ በሕጉ መሠረት ማኅበር ያቋቁማል፣ በኅብረት ይደራደራል። የመንግሥት ቢሮ ሠራተኛ በዚህ አዋጅ ይህ መንገድ የለውም።

የሚገርመው ሕገ መንግሥቱ አልከለከለም። አንቀጽ 42 ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉና የሥራቸው ጠባይ የሚፈቅድላቸው የመንግሥት ሠራተኞች በማኅበር የመደራጀት መብት እንዳላቸው ይናገራል። አገራችን የመደራጀት ነፃነትን የሚመለከተውን የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 87 ያጸደቀችው ደግሞ በ1955 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት መንግሥት ተቀያየረ። ከ60 ዓመት በላይ ሆነው። ፈታኝ፣ መዝገብ ያዥ፣ ፋይል አመላላሽ፣ ሁሉም በየራሱ ብቻውን ነው።

ማኅበር ሲባል ብዙ ሰው የደመወዝ ጥያቄ ብቻ ይመስለዋል። ደመወዝም ነው፣ አላፍርበትም። የቤት ኪራይ የማይችል ፈታኝ እንዲታመን መጠበቅ ከባድ ነው። ግን ሌላም ነገር አለው። አንድ ጊዜ ስልክ ተደወለልኝ። የደወለው ከበላይ ያለ ሰው ነው። «ነገ እገሌ የሚባል ልጅ ይመጣል፣ እንዳታስቸግረው» አለኝ። ልጁ መጣ። ዳገት ላይ መኪናዋን ሦስት ጊዜ አጠፋት፣ አራተኛው ላይ ወደ ኋላ ተንሸራተተች። «ይደገም» ብዬ ጻፍኩ። በሳምንቱ ወደ መዝገብ ቤት ተዛወርኩ። ሰባት ወር አቧራ ስጠርግ ከረምኩ። ልጁን ሌላ ሰው ፈትኖ አሳለፈው። የት ቢሮ እንደነበረ አልናገርም፣ ሰውየውንም አልጠራም። ያኔ ግን ከጀርባዬ አንድ ማኅበር ቢኖር ኖሮ ያ ዝውውር እንዲህ በቀላሉ አይጻፍም ነበር። ባልደረቦቼም ያን አይተው ዝም ማለትን አይማሩም ነበር።

ስለዚህ ለምክር ቤቱ የምለው፣ ፈታኙን መሸጥ ሳይሆን ፈታኙን ማጠንከር ነው የሚያስፈልገው።

የግል ድርጅት ሊሠራው የሚችለው ለግል ይሰጥ። ለዚህ ተቃውሞ የለኝም። ፎቶ ማንሳት፣ ካርድ ማተም፣ ቀጠሮ መያዝ፣ ክፍያ መቀበል፣ ሶፍትዌር መሥራት፣ ግቢውን ማጽዳት፣ ይህን ሁሉ የግል ድርጅት ከእኛ በተሻለ ሊሠራው ይችላል። ክፍያው በቴሌብር ያልቃል። እድሳቱና ቅጹ እንደ መሶብ ባሉ የአንድ ማዕከል አገልግሎቶች ሊያልቅ ይችላል። ሕዝቡን ያስመረረው ደግሞ በአብዛኛው ይኸው ነው። ማንም ሰው «ፈተናው ከበደኝ፣ ስለዚህ ይሸጥ» ብሎ ሲከራከር አልሰማሁም። «ፋይሌ ጠፋ፣ ስለዚህ ይሸጥ» ነው የሚባለው። እንግዲያው ፋይሉን እናስተካክል።

ፈተናው ውስጥ ግን መኪናዋ ላይ ካሜራ ይገጠም። ካሜራ ታማኙን ፈታኝ ከሐሜትም ከስልክም ያድነዋል። ማን ማንን እንደሚፈትን በዕለቱ ጠዋት በዕጣ ይውጣ፣ ማሠልጠኛው ቀድሞ አይወቅ። የእያንዳንዱ ማሠልጠኛ ተፈታኝ ስንቱ እንዳለፈ፣ ስንቱ እንደወደቀ በየጊዜው ለሕዝብ ይለጠፍ። ወላጅ ልጁን የት እንደሚልክ አይቶ ይምረጥ። የወደቀ ሰው ለምን እንደወደቀ በጽሑፍ ይሰጠው፣ ቅር ካለውም ሌላ ፈታኝ ቪዲዮውን አይቶ ይፍረድ። ይህ ሁሉ የሚያስወጣው ገንዘብ አለ። ግን ከኩባንያ ጋር ውል አስሮ ከዚያ ያን ውል የሚቆጣጠር ሌላ ቢሮ ከማቋቋም የሚበልጥ አይመስለኝም።

ምናልባት እናንተ በሌላ መንገድ ትወስኑ ይሆናል። የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ፣ 1076/2010፣ በሥራ ላይ ነው፣ በሩ ክፍት ነው። እንዲያ ከሆነ ቢያንስ ጥቂት ነገር በግልጽ እንድትመልሱልን እንጠይቃለን። ድርጅቱ የሚከፈለው በምን ይሆናል፣ በአለፈ ሰው ቁጥር ነው ወይስ በሌላ? ማሠልጠኛ ያለው ሰው ፈተና ማካሄድ ይችላል ወይስ አይችልም? ውሉን ነዋሪው ያነበዋል ወይስ ተዘግቶ ይቀመጣል? በግል ፈታኝ አልፎ በሳምንቱ ሰው የገጨ ሾፌር ቢኖር ፈታኙ የሚጠየቀው በማን ፊት ነው? ፋይሉስ? የእያንዳንዳችን አሻራ፣ ፎቶ፣ አድራሻ፣ የጤና ምርመራ እዚያ ውስጥ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ወጥቷል፣ ያንን ሁሉ መዝገብ ለአንድ ኩባንያ ስናስረክብ ኩባንያው ነገ ቢከስር ወይም ቢሸጥ መዝገቡ የት ይገባል? እነዚህ መልስ ሳያገኙ የሚፈረም ውል በኋላ ለመፍታት ከባድ ነው። አልበርታ ፈታኞቿን ለመመለስ 26 ዓመት ፈጅቶባታል።

ውሳኔው ከመድረሱ በፊት ደግሞ ፈታኞቹን ጠይቋቸው። ኃላፊዎቹን ብቻ ሳይሆን፣ ከተፈታኝ ጎን የሚቀመጡትን ራሳቸውን። አለቃ በሌለበት፣ ስም በማይመዘገብበት አዳራሽ። ማኅበር እስኪኖራቸው ድረስ ይህ ትንሹ ነገር ነው። ብዙ ነገር ትሰማላችሁ፣ ጥሩውንም መጥፎውንም። ስለ ጉቦውም እነሱ ራሳቸው ይነግሯችኋል፣ ማን በየት በኩል እንደሚገባ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ነዋሪዎች፣ እናንተም እድሳት ፍለጋ ተንገላታችሁ ስትወጡ ንዴታችሁን ለምክር ቤት ተወካያችሁ ንገሩት። ጻፉበት። ፋይሉ ይስተካከል በሉ፣ ደላላው ይነሳ በሉ። ብቻ ስትናደዱ ያቺን ዜብራ ላይ የቆመች እናት አትርሷት። የእናንተም እናት በዚያ መንገድ ትሻገራለች።

እኔ ጤናዬ ደህና ነው። ማዘጋጃ ከቤቴ ሩቅ አይደለም፣ በእግሬ እደርሳለሁ። ውይይት ከተጠራ በማንኛውም ቀን እመጣለሁ፣ አብረውኝ ጡረታ የወጡ ሦስት ባልደረቦቼም እንመጣለን ብለውኛል። ቀኑን ብቻ አሳውቁን።

ከአክብሮት ጋር

አንድ ጡረተኛ የመንጃ ፈቃድ ፈታኝ
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ